በእኔ ስም የገባው ሰው

ሰኞ
ኪራይ ሰብሳቢ ተባልሁ! ያውም ይቺን ቃል ሳይናገር ውሎ በማያውቀው ኃላፊያችን አፍ። ባለፈው ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ እኔ በምሠራበት የመሬት መዝገብ ላፕቶፕ ላይ፣ የእማማ ጥሩወርቅ ማሳ ወደ ሟች ባላቸው ወንድም ስም ዞሯል። ለዋጭ ተብሎ የተመዘገበው የእኔ ስም ነው።
«የይለፍ ቃሉን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?» አለ ኃላፊው።
ማንም። ግን ቆልፌው ነው ለምሳ የወጣሁት። ከፍኖተ ሰላም የመጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ከረባቱን እያቃና «የተቆለፈ አይከፈትም» አለ። ማሽኑን በእጁ እንኳ ሳይነካ! ሐሙስ ግምገማ አለብኝ።

ማክሰኞ
እማማ ጥሩወርቅ ከገጠር ቡሬ ድረስ በእግራቸው መጡ፤ የይዞታ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው።
«ልጄ፣ ምን በደልሁሽ?»
«እኔ አይደለሁም እማማ፣ ይመኑኝ።»
ደብተራቸውን ፈትተው ፊቴ ዘረጉት። የባላቸው ወንድም ማሳውን ማረስ ጀምሯል። ፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ሞላ ውሃ ቀድቶ አጽናናቸው። ደግ ሰው ነው።

ረቡዕ
አገኘሁት! ላፕቶፑን ቆልፌ ቁልፎቹን በጨርቅ ስወለውል እጄ ኢንተር ላይ ቆየ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ መዝገቡ ወለል ብሎ ተከፈተ። የይለፍ ቃል የለ፣ ምን የለ! አምስት ጊዜ ሞከርሁ፤ አምስቱንም ጊዜ ከፈተ። ተጭኖ መያዝ ብቻ። ዶሮ ብትተኛበት ይከፈታል። የባለከረባቱ እውቀት እንግዲህ ይህ ነው። ለማንም አልተነፈስሁም።

ሐሙስ
ግምገማው ላይ «አንድ ቁልፍ በመንካት ብቻ ይከፈታል» አልሁ። ባለሙያው ሳቀ። ኃላፊው «የአመለካከት ችግር» አለ። ሞላም ሊያግዛቸው ብሎ፣ «ኢንተር ስለያዙ መዝገብ አይከፈትም» አለ።
«ሞላ፣ ኢንተር መሆኑን ማን ነገረህ?»
ሞላ ወደ በሩ ተመለከተ። ላብ አጠመቀው። ላፕቶፑን በፊታቸው ቆልፌ ኢንተሩን ያዝሁ። ተከፈተ። የባለሙያው ሳቅ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።
ዓርብ ስለሚጾም ለምሳ የማይወጣው ሞላ ብቻ ነበር። ጾሙን ስንቴ አድንቄለታለሁ፣ እኔ ቂል!

ዓርብ
ማሳው በእማማ ስም ተመልሷል። በጎረቤት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ተቀይሜሽ ነበር፤ ማሪኝ» አሉኝ። አለቀስሁ። ኃላፊው ግን ይቅርታ አላለም፤ «ከእንግዲህ ጥንቃቄ አድርጊ» አለኝ፣ እኔኑ! ባለሙያው ደግሞ «ቀድሜ ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ሪፖርት ጽፏል። አያፍርም። ሞላ ከእማማ ባል ወንድም ጉቦ መቀበሉን አምኖ ፖሊስ ጣቢያ ነው።
ላፕቶፑን ያበጀው የለም። መቼ እንደሚያበጁትም አያውቁም። ዛሬ ለምሳ ስወጣ አቅፌው ወጣሁ፤ የሳቀ ይሳቅ።