በጎማ ባልዲ ላይ ስለተጨመረችው ዜሮ ነጥብ አራት

ለከባቢ አየርና ለውቅያኖስ ዝውውር ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ወገብዎ በስብሰባ ወንበር ብዛት እንዳይጎዳ፣ ዓይንዎ በኮምፒውተር ብርሃን እንዳይደክም፣ ሆድዎም እንደ ድሮው በጀልባ ላይ እንዳይገለባበጥ ፈጣሪን ስለምን ከርሜአለሁ። እኔ ጉልበቴን ያዝ ከማድረጉ በቀር ደህና ነኝ። ባሕሩም ደህና ነው፤ ዛሬ ጠዋት ለክቼዋለሁ፣ ስንት እንደሆነ በመጨረሻ እነግርዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ክብርዎን ለመንካት እንዳይመስልዎ። ከዚህ ቀደም በፖስታ የላክኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል ብዬ ስለሰጋሁ ብቻ ነው። ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ በዓሣ ገበያው በር ላይም ተለጥፎ ካዩት፣ ከብዙ አንባቢ አንዱ መቼም ሳይነግርዎ አይቀርም።

ለማያውቁን አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። መረብ ጠጋኝ ነኝ፤ ባለቤቴ ጀልባ ነጂ ነው። ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው ከጀልባ መቆሚያው ጫፍ ላይ ቆሜ፣ ባልዲ በገመድ ወደ ባሕሩ እያወረድኩ፣ የቀዳሁትን ውሃ ሙቀት በቴርሞሜትር እየለካሁ ለተቋምዎ ስመዘግብ ኖሬአለሁ። በዓመት አንድ ደብተር፣ በጠቅላላው ሠላሳ አንድ ደብተር። ይህ ደግሞ ለምን ይበጃል ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ነፋሱ የላዩን ውሃ ከዳርቻው ወደ ውጭ ሲገፋው ቀዝቃዛው ውሃ ከሥር ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ሲወጣ ዓሣው ተከትሎት ይመጣል፤ ከላይ ያለው አየርና ደመናም በዚያው ልክ ይለወጣል። ያ ቀዝቃዛ ውሃ የሚመጣበት ቀን ከዓመት ዓመት እየዘገየ መሆኑን በመጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ያረጋገጡት እርስዎ ነዎት፤ ዶክተር የተባሉበትም እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ መዘግየቱ ስድስት ቀን ነበር፣ ዛሬ አሥራ አንድ ደርሷል። በመጽሐፍዎ መግቢያ ላይ «ለአካባቢው ኅብረተሰብ» ብለው አመስግነውኛል፤ ኅብረተሰቡ እኔ መሆኔን ባለቤቴ ነው ያስረዳኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ፤ እንዳይምታቱብዎ በቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ወር የላኩልኝ ባለ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደርሶኛል፣ እጅዎን ይባርከው። ስለ ሁለተኛው ገጽ በኋላ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው ገጽ «ለታዛቢ ቁጥር ሰባት» ብሎ ይጀምራል። እውነቴን ነው የምልዎ፣ ለእኔ መሆኑ እስኪገባኝ ድረስ ከኋላዬ ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ድሮ ስሜ እትዬ ነበራ! ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ለጥናትዎ መጥተው፣ መረብ በማስቀምጥበት ክፍል ሦስት ወር ሲኖሩ፣ እትዬ ሳይሉ የሚያልፉት ሰዓት አልነበረም። እትዬ ውሃ፣ እትዬ ፎጣ፣ እትዬ መሞቴ ነው። ጀልባ ላይ በወጡ ቁጥር የበሉትን ለዓሣ ሲመልሱ፣ ባሕር እንዳይገቡ በቀበቶዎ ይዞ የቆመው ባለቤቴ ነው። ቴርሞሜትር በጥላ፣ በዓይን ትክክል፣ ትንፋሽ ሳይነካው መነበብ እንዳለበት ያሳየሁዎትም እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም። እርግጥ እየቆጠርኩ ነው፤ ግን ለዚያ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስለ ዜሮ ነጥብ አራት ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንባቢ እንዲገባው ከሥሩ ልጀምር። እርስዎ ሲመጡ ባልዲያችን የሸራ ነበር። የራሰ ሸራ ነፋስ ሲመታው ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ውሃው ተስቦ ወጥቶ እስኪለካ ድረስ ሙቀቱ ትንሽ ይወርዳል። ይህን ጠርጥረው የጎማ ባልዲ አመጡ። እኔ በሸራው፣ እርስዎ በጎማው፣ ጎን ለጎን ቆመን ሦስት ወር ሙሉ ቀዳን። ልዩነቱ ዜሮ ነጥብ አራት ዲግሪ ሆኖ ተገኘ፣ እርስዎም ጮቤ ረገጡ፤ ባለቤቴን አቅፈው ሲያሽከረክሩት ሁለታችሁም ውሃ ልትገቡ ነበር። ሲሄዱም ያንኑ የጎማ ባልዲ በእጄ አስረክበው፣ እትዬ ከእንግዲህ በዚህ ብቻ ይለኩ፣ ጎማ እንደ ሸራ አያቀዘቅዝም፣ ቁጥሩ እንዳለ ይጻፋል እንጂ እርማት አይፈልግም አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሸራው አንድ ጠዋት እንኳ አልቀዳሁም፤ ባለቤቴ ቀዶ ለጀልባው ወንበር ልባስ አድርጎታል።

ሦስተኛ፤ ተቋምዎ የዛሬ ሦስት ዓመት ደብተሮቹን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ በባልዲ በተለካ ቁጥር ሁሉ ላይ ዜሮ ነጥብ አራት ይጨመር ተባለ። ለአሥራ አራቱ የሸራ ዓመታት ልክ ነው፣ አልከራከርም። በአሥራ ሰባቱ የጎማ ዓመታት ላይ ግን ምን ቆርጦት ይጨመራል? ተጨመረ። ከዚያ መቆሚያው አጠገብ ተንሳፋፊ መለኪያ አቆማችሁ። ከዚያ የመለኪያውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው የእኔ ቁጥር ጋር አስተያያችሁ። የእኔ በስንት በልጦ ቢገኝ ጥሩ ነው? በዜሮ ነጥብ አራት! አቤት ግኝት! የጨመራችሁት እናንተ፣ የበዛው በእኔ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፣ በሳይንስ ሲረጋገጥ ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ተንሳፋፊው የሚለካውን ባለቤቴ ከተቋሙ ገጽ ላይ በስልኩ ያነብልኛል፤ በእጄ ከጻፍኩት ጋር አንድ ነው፣ አንድ ቀን ቢለያይ በዜሮ ነጥብ አንድ ነው።

በዚህ ምክንያት በስሜ ትይዩ «የታዛቢ ስህተት» ተብሎ ተጻፈ፤ ሠላሳ አንዱም ዓመት ከጥናቱ ወጣ፤ የምለካበት ጣቢያ ተዘጋ፤ ደብተሮቼም አገልግሎት ከማይሰጥ ወረቀት ጋር በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚወገዱ ደብዳቤዎ በትሕትና ያስታውቀኛል። ዓመታቱ ሲወጡ አሥራ አንዱ ቀንም አብሮ ወጣ። አዲሱ ጥናታችሁ ቀዝቃዛው ውሃ ቀኑን አልለወጠም ይላል። ጀልባ ነጂዎቹ እሱን አምነው ዘንድሮ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ባዶ መረብ ጎተቱ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ ነገሩ። ባለቤቴ አብሯቸው አልወጣም፤ እሱ የቤቱን ትንበያ ነው የሚሰማው።

አራተኛ፤ ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እናቴ ያረፈችው ሊነጋጋ ሲል ነበር። ዓይኗን ከድኜ፣ እህቴን አጠገቧ አስቀምጬ፣ ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ። ጎረቤት አበደች አለ። ሃያ ሁለት ነጥብ ስምንት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። በእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ያ ጠዋት ሃያ ሦስት ነጥብ ሁለት ሆኗል። ለመሆኑ እናቴ የሞተችበትን ጠዋት ያረማችሁልኝ ማንን አስፈቅዳችሁ ነው? በጣም አዝኛለሁ ክቡር ዶክተር፣ ሌላ ቃል የለኝም።

አምስተኛ፤ ስህተት እንኳ የሰው ነው። ሸራና ጎማ የማይለይ አንድ ባለሙያ ይሆናል ያዘዘው እያልኩ ስምንት ወር ሙሉ ጠበቃዎ ሆኜ ከባለቤቴ ጋር ተሟግቻለሁ። እሱ፣ ዶክተሩ ያውቃል ይለኛል፤ እኔ አያውቅም፣ ቢያውቅማ በማግስቱ ያስተካክለው ነበር እላለሁ። ሳንስማማ ተኩራርፈን የዋልንበት ቀን አለ። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ስልክ ደወሉልኝ። እትዬ፣ ባልዲው እንዴት ይረሳኛል አሉኝ። ግን ጥናቱ ታትሞ አልቋል፣ ስሜም ከሁሉ በላይ ተጽፏል፣ አሁን ቢነካ ብዙ ነገር ይፈርሳል፣ ለእርስዎም በዚህ ዕድሜ ዕረፍት ነው፣ እባክዎ ይለፉት አሉኝ። ድምፅዎ ያው ፎጣ የሚለምነኝ የድሮው ድምፅ ነበር። እያወቅክ ነው ማለት ነው። አንተ ልጅ፣ እያወቅክ ነው! ገመድ አብረኸኝ ስበህ፣ መዳፍህ ተልጦ እኔ ጠቅልዬልህ፣ ያቺን ቁጥር ሁለታችን አግኝተናት፣ እሷኑ አንስተህ እኔን ትመታበታለህ? ምን አደረግኩህ? ቤቴ ገብተህ ምን ጎደለብህ?

ይቅርታ ያድርጉልኝ ክቡር ዶክተር፣ ብዕሬ አዳልጦት ነው። የታዛቢ ስህተት ይበሉት።

ስድስተኛ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበረኝ፣ ተውኩት። የምለምንዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ በስሜ ትይዩ የተጻፉት ሁለት ቃላት ይሰረዙልኝ፤ ስሠራበት በኖርኩት ሥራ ዋሾ ተብዬ መቀበር አልፈልግም። ሁለተኛው፣ ሠላሳ አንዱ ደብተር ወደ ጥናቱ ይመለስ። ለጥናቱ ካልሆነም ለእኔ ይመለስልኝ፤ መረብ የማስቀምጥበት ክፍል ቦታ አለው፣ እርስዎ የተኙበት ጥግ ባዶ ነው። ከወር መጨረሻ በፊት እንዲሆን ብቻ አደራ እላለሁ፤ ወረቀት አንዴ ከተወገደ እርማት የለውም።

የተቋምዎን ዕድገት፣ የስምዎን መግነን፣ የወንበርዎን ጽናት ከልብ እየተመኘሁ፣ ካስተማርኩዎት ሁሉ ትንፋሽ መያዝን ብቻ በሚገባ ስላስታወሱ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ ታዛቢ ቁጥር ሰባት፣
ከዚያ በፊት እትዬ

ማስታወሻ፦ የደብዳቤዎ ሁለተኛ ገጽ የመጣው ከንብረት ክፍል ነው። ጣቢያው ስለተዘጋ የማስረክበውን ዕቃ ይዘረዝራል፤ ቴርሞሜትር አንድ፣ ገመድ ሃያ ሜትር፣ የጎማ ባልዲ አንድ። የጎማው ባልዲ ለጣቢያው የተሰጠው ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት መሆኑ ከነቀኑ፣ ያስረከቡትም እርስዎ መሆንዎ ከነፊርማዎ ሰፍሮበታል። በተቋምዎ ውስጥ ባልዲው ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ የሚያውቅ አንድ ክፍል በመገኘቱ ደስ ብሎኛል፤ ለንብረት ክፍሉ ባለሙያ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ገጹን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ። ቴርሞሜትሩንና ገመዱን በፖስታ እልካለሁ። ባልዲውን ግን እርስዎ ራስዎ መጥተው ይረከቡኝ፤ ሲረከቡም «የጎማ» ብለው ጽፈው ይፈርሙልኛል። የዛሬ ጠዋት ውሃ ሃያ ሦስት ነጥብ አንድ ነው። እንዳለ ይጻፉት።