ቀሚስ የለበሱ ቀስተኞች

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ጧት

ጦሩን ጎበኘሁ። ከቁርስ በፊት፣ እንደ ልማዴ። የሸሸ የለም። እንግሊዞቹ ከወንዙ ወዲያ፣ ስኮትላንዶቹ ባለ ጦሮች ከረግረጉ ወዲህ። ከኋላቸው ባዶ ቦታ፤ የቀስተኞቹ። ሊያ በጣቷ አስምራ፣ ዶንት ተች አባባ፣ ብላኝ የሄደችበት።

አንተ ደብተር አዲስ ነህ፣ አታውቅም። ሰናይት ልጄ ነርስ ናት። የሌሊት ተራ ሲደርሳት ሊያን፣ የልጅ ልጄን፣ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሊያ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ወታደሮች መቀባት ጀመረች፤ እኔ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ ነገር መፈለግ። እሷ ስለ ዘመኑ ታነባለች። እኔ አውቄ እሳሳታለሁ። በግማሽ እንግሊዝኛ ትጮኽብኛለች። እንዲህ አደገች። አሁን ዩኒ. እዚያው ስኮትላንድ፤ ታሪክ ታጠናለች። ማን አስጀመራት? ዝም በል።

ለገና እመጣለሁ፣ ቀስተኞቹን አብረን እንመርጣለን ብላለች።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ከሰ.

መጠበቅ አቃተኝ። ከምንኖርበት ከኦሮራ በአውቶቡስ ፓርክ ሂል ወደሚባለው ሰፈር ወረድኩ፣ ትንንሽ ወታደር ከሚሸጠው ሱቅ። ሻጩ ዮናታን የኛው ሰው ነው። የሦስት ልጆች አባት፣ ጴንጤ፣ ጨዋነቱ የሚያስፈራ። የጥንት የስኮትላንድ ቀስተኛ አምጣ አልኩት። ሁለት ሣጥን አወጣ። በአንደኛው ያሉት ወፍራም ጃኬት ለብሰው፣ የጨርቅ ቆብ ደፍተው፣ ቁርጥ የቤ/ክ ዘበኛ። ሁለተኛዎቹ ግን ባለ መስመር ቀሚስ፣ ባዶ ጉልበት፣ ሰማያዊ የተቀባ ፊት። ስኮትላንድ ማለት እነዚህ ናቸው አልኩ። ዮናታን ጉሮሮውን ጠረገ። እርስዎ ካሉ ጥሩ ነው፣ ጋሼ ተፈራ፣ አለ። ሣጥኑን እስከ ፌርማታው ተሸክሞ ሸኘኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ከሰ.

ጉድ ሆንኩ። ሊያ ትታው የሄደችውን መጽሐፍ ገለጥኩ። በዚያ ዘመን ቀሚስ የለበሰ ቀስተኛ የለም። ቀሚሱ ከስንት ትውልድ በኋላ የመጣ ነው። የፊቱም ቀለም ውሸት። ቀስተኛው የሚለብሰው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ጃኬት፣ ቆብ፣ ጠባብ ሱሪ። ዘበኞቹ ነበሩ ልክ!

ዮና. ጋ ደወልኩ። ታውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን? ሽማግሌ በሰው ፊት ማረም ከበደኝ፣ አለ። ሱቁ ውስጥ ከኔና ከሱ ሌላ የነበረችው ድመቷ ናት።

ስናደድ ቆይቼ ተንኮል መጣልኝ። አንዱን ቀስተኛ ቀባሁት፤ ቀሚሱን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ፎቶ አንስቼ ለሊያ ቴክስት አደረግኩ። ትክክለኛዎቹን ቀስተኞች አገኘሁልሽ፣ ብዬ። አሁን ትፈነዳለች። ትደውላለች። ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ከጎኔ አስቀምጫለሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ፣ ጧት

መለሰች። ያምራሉ አባባ። አንድ ቀይ ልብ። በቃ።

ይህቺ ልጅ እኮ በአንድ ቀበቶ ዘለበት ምክንያት እራት ላይ ያኮረፈችኝ ናት። ያን ቀሚስ አይታ ያምራል? ታማ ይሆን? ሰና.ን ጠየቅኳት። ደህና ናት አለችኝ፣ ወደ ፍሪጁ ዞራ። ከፈተችው። ምንም ሳታወጣ መልሳ ዘጋችው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ከሰ.

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን። ጾም ስለገባ የጎረቤት ስጦታ የቱርክ ዶሮ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል። እኛ ምስር። ቱርኩን ከሊያ ጋር እንበላዋለን አልኩ፣ እንደዋዛ። ሰና. እጇን ታጠበች። እንባዋ መጣ።

ሊያ አትመጣም። እዚያ ሙዚየም ሥራ አግኝታለች፣ የድሮ ልብስና መሣሪያ የሚታይበት። የሚያስጀምሯት በዕረፍቱ ነው። እናትና ልጅ ካወቁ ሰንብተዋል። ሆድ እንዳይብስዎት ብለን ነው፣ አለችኝ።

ሆድማ ባሰኝ። ጦሩ የተሰለፈበት ጠረጴዛ ጋ ሄጄ ባዶውን ቦታ አየሁት። ነገሩ የቀስተኛ አይደለም፣ ደብተር። ጩኸቷ ነው የናፈቀኝ። ኖ አባባ፣ ኖ፣ እያለች ብሩሹን ከእጄ ስትነጥቀኝ። እዚህ አገር ያገኘኝ ሐበሻ ሁሉ ያከብረኛል፤ ከወንበሩ ይነሳልኛል፣ ያልኩትን ይቀበላል። የሚያርመኝ አንድ ሰው ነበረኝ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ከሰ.

ዮና. ዘንድ። ዛሬ በሽማግሌነቴ ከራራህልኝ ሌላ ሱቅ እሄዳለሁ አልኩት። መጀመሪያ አላበው። ከዚያ ለመደው። ይኼኛው ቀስቱ አጭር ነው፣ ይተዉት። ያኛው ፍላጻውን በጀርባው አዝሏል፤ በቀበቶ የሻጠውን ይውሰዱ። ያዘለው ያምራል፣ አልኩ፣ አውቄ። አንገቱን ደፋና፣ ጋሼ፣ ተሳስተዋል አለ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ዘበኞቹን ያዝን። መጽሐፉ ከስኮትላንድ ደን የመጡት ቀስተኞች ረጃጅምና መልከ መልካም ነበሩ ስለሚል፣ ቁመታሞቹን። ቀሚስ ለባሾቹን መልሶ ተቀበለኝ። የቀባሁትን ግን አልሰጠሁትም።

ኅዳር 22፣ ሰኞ፣ ጧት

ወሰንኩ። አልቀባቸውም። ሁሉም ለሊያ ይሄዳሉ። ከላያቸው ወረቀት፤ ሥራሽን ያዢ፣ ለገና አትምጪ፣ ይህን ያለሽ አያትሽ ነው። ቀብተሽ በበጋ ይዘሻቸው ነይ። ቦታቸው ክፍት ነው፤ እናትሽ ሪሞት እንኳ አታስቀምጥበትም።

ባለ ባንዲራ ቀሚሱን መሐላቸው ሸጎጥኩት። አለቃቸው ይህ ነው፣ ብዬ ጻፍኩ።

ሰና. ፖስታ ቤት ወሰደችኝ። ፓርክ አድርጋ ዓይኗን ጠረገች። ብርዱ ነው አለች። የመኪናው ሂተር እንደ እሳት ነበር።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ፣ ጧት

ሊያ ዛሬ ነበር የምትገባው። ኤርፖርት እንደሚሄድ ሰው ጢሜን ተላጭቻለሁ። ጦሩን ጎበኘሁ። ባዶው ቦታ አቧራ ይዟል፤ ጠረግኩት። እጄ እዚያው ትንሽ ቆየ። ደብተር፣ አንተ እንኳ ብትናገር

ስልክ። እሷ ናት። ሣጥኑ ደርሷል። ስፒከር ላይ አድርጌያት እየጻፍኩ ነው። ሰላምታ የለ፣ ደህና ነዎት የለ። አባባ፣ አር ዩ ሲሪየስ? አለቃ ነው ትለኛለህ እንዴ? ስትናደድ አንቱታው ይጠፋባታል። እኔ መጽሐፍ ላይ አይቼ ነው አልኳት። የትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛ ገጽ፣ እያለች ጮኸች። ወንበር ሳብኩ። ረስቼዋለሁ፣ ቀሚሱ ግን ለሩጫ ይመቻል አልኩ። አሁን ደግሞ ስለ ፊቱ ቀለም ልትጀምረኝ ነው። ደብተር፣ ቆየኝ።