የላላው መሪ

ሰኞ

አባባ ዛሬ የዓባይን ድልድይ ሲሻገሩ ጋሪ ሊገጩ ነበር። ጎናቸው ተቀምጫለሁ። መሪውን ያዞራሉ፣ መኪናዋ አትሰማም፤ ከዚያ ድንገት ትሰማለች። ባለጋሪው ፈረሱን እየሳበ ተሳደበ። «መሪው ላልቷል እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?» አሉ።

ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የጣሊያን የእሽቅድምድም መኪና ናት። አባባ በሾፌርነት ያገለገሉት መሐንዲስ አብዮቱ ሲፈነዳ አገር ለቆ ሲሄድ ሰጣቸው። አሁን ሰባ ሊሞላቸው ነው። ቅዳሜ ለጉልበታቸው ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሊሄዱ ይፈልጋሉ። በእሷ ካልሆነ አልሄድም ይላሉ።

ማክሰኞ

ከሥራ መልስ መኪናዋን በክሪክ አንስተን ከሥሯ ገባሁ። ጎማው በእጅ ሲነቀነቅ ይንቀጫቀጫል። መሪውን ከጎማው የሚያገናኙት ሁለቱ ቴስቲናዎች አልቀዋል። የመሪው ዘንግ የሚዞርበት፣ ቦኮላ የሚባለው ቀለበትም ተበልቷል።

መለዋወጫ የሚሸጡት ሐጂ ኑሩ ሳጥን ሲበረብሩ ቆይተው ሁለት ቴስቲና አወጡ። «ከንጉሡ ጊዜ የቀረ ነው። የታክሲ ነው፣ ግን ይገጥማል።» ቦኮላ የለም።

ረቡዕ

ቦኮላውን ራሴ ሠራሁት። እንጀራዬ በቶርኖ ማሽን ብረት መቅረጽ ነው፤ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል። «መሪው ስለላላ በምሳ ሰዓት ማሽኑን እንድጠቀም ይፈቀድልኝ» ብዬ ማመልከቻ ጻፍሁ። አለቃዬ ጓድ ተካ አነበበና በሩን ዘጋ።

«አንቺ፣ መሪው ላላ ተብሎ ይጻፋል? ‹የመኪና› የሚለውን ጨምሪበት!»

ጨመርሁ። ፈረመ።

የመጀመሪያው ነሐስ ሰፋብኝ፣ ጣልሁት። ሁለተኛው ልክ መጣ።

ሐሙስ

አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። «ያ ብሎን የግራ ጥርስ ነው፣ በተቃራኒ አዙሪው። ስትፈቺ ዙሩን ቁጠሪ።» አሥራ አራት። አንዱ የዛገ ብሎን እንቢ አለ፤ ናፍጣ አጠጣሁት። ሲለቅ አውራ ጣቴ ተላጠ። ገጠምሁ፣ ግራሶ ሞላሁ፣ የፊት ጎማዎቹን በሲባጎ ለክተን አስተካከልን። ደስ አለን።

ዓርብ

የሐይቁን ዳር ይዘን ሞከርናት። በመጀመሪያ እኔ ነዳሁ። ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ አባባ ያዙ። ብዙም ሳንርቅ ወደ ቀኝ ሄደች፤ አንድ ጎማ ከአስፋልቱ ወጣ። ሲመልሷት ወደ ግራ አለፈች። እጃቸውን አየሁ። ይንቀጠቀጣል።

«ቴስቲናውን በደንብ አላጠበቅሽውም።»

«አጥብቄዋለሁ፣ አባባ።»

ሌላ ምን ልበል? መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞተሩን አጥፍተው ሐይቁን ሲያዩ ቆዩ። ራት አልበሉም። እኔም ፈሪ ነኝ፣ አልነገርኋቸውም።

ቅዳሜ

ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፉን ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልሁም።

«አባባ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ እኔ ልንዳ።»

ቁልፉን የያዘውን እጃቸውን አዩት።

«ከፋሲካ ወዲህ ነው» አሉ። «መሪው በሆነ እያልሁ ነበር።»

ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀመጡና በሌላው በር ገቡ።

እስከ ዋንዛዬ አላሳረፉኝም። «ማርሽ ቀንሺ!» «ጉድጓድ!» «ምን ያስቸኩልሻል?» ፍል ውሃው ውስጥ ግን ጉልበታቸውን ረስተው እጃቸውን ነክረው ዋሉ። ስንመለስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ስነዳ ሲተኙ የመጀመሪያቸው ነው።

ሰኞ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኋቸው። እሺ ብለዋል። ሰኞ ምን እንደሚሉ እንጃ።