ያልተረገጠው ፍሬን

እህት ዓለም፣ ይህን ካርድ ከባሕር ማዶ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ የልጅ ልጄ በውድድር መኪናዋ አጠገቧ አስቀምጣ የመለማመጃውን መንገድ አዞረችኝ። እኛ ዘንድ ሾፌር ኩርባ ሲያይ ጡሩንባውን ነፍቶ ራሱን ለፈጣሪ ይሰጣል፤ እዚህ ግን ፍሬኑን ቀጥታው መንገድ ላይ አጥብቀው ይረግጡና መሪው ሲዞር ቀስ በቀስ ይለቁታል። ጭጋግ ወርዷል። ከመጨረሻው ኩርባ ብዙ ቀደም ብሎ የመኪናው ፍጥነት በረድ አለ።

«ምነው እዚህ ፍሬን ያዝሽ?» አልኳት።

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ። እግሬን እዪው።»

እግሯ ነዳጅ መስጫው ላይ ነበር። የፍሬኑ መርገጫ ማንም ሳይነካው ወደ ታች ወርዷል። ኩርባውን ስንዞር አንድ የተበላሸ መኪና መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፤ ለጥቂት ተረፍን።

ለአሰልጣኟ ስንነግረው ፈገግ አለ። «እሱማ እዚያ ጋ የሁሉንም ፍሬን ይረግጣል። ነገ በውድድሩ ላይ ሰዓትሽን እንዳይበላብሽ፣ መርገጫውን በጫማሽ ጫፍ ከስር ደግፈሽ ያዢው» አላት። «እሱ ማነው?» ብዬ ስጠይቀው ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

ማታ «አሰልጣኝሽን እንዳትሰሚ፤ ተዪው ይርገጥ» አልኳት። መምህርሽን ስሚ እያልኩ ያሳደግኳት እኔው ነኝ።

የካርዱ ቦታ ጠበበኝ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ። ካርዱ ሲደርስሽ ውድድሩ አልፏል፤ አንቺ ግን ጸልዪላት።