የጨው በር ላይ ያቆምኩህ ልጄ

ለምወድህ ልጄ ለሺጌኪ፣

ሰላምታዬ ያን ሁሉ አገርና ባሕር ተሻግሮ ቤትህ ድረስ ይግባልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሣብህ የወገብ ሕመም ዘንድሮስ ተወህ? ሚስትህ ሜጉሚ እንዴት ናት? ምሳዋን ቆማ መብላቷን ተወች ወይስ አሁንም እንደዚያው ናት? የልጅ ልጄ ሂናኮዬስ የፊት ጥርሶቿ በቀሉ? በስልክ ስታወራኝ በጥርሷ ክፍተት የምታፏጨውን ፉጨት ወድጄዋለሁና፣ ጥርሶቿ ሳይበቅሉ አንዴ እንድትደውልልኝ ንገራት።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካሌ አልከዳኝም። ታዙኮም ደህና ናት፤ ሠላሳ ዓመት በእንግዳ ማረፊያችን ፍራሽ ስታነጥፍና ስታነሣ ኖራ ድምፅዋ አሁንም ከእኔ ይበልጣል። በወንዙ ዳር ያሉት አኻያዎች ቅጠላቸውን እየጨረሱ ነው። ከሳምንት በኋላ የሸርጣን ወቅት ይከፈታል፤ ስድስቱም ክፍሎች ከወዲሁ ተይዘዋል።

በየእሑዱ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ አንተ «እሺ እማ፣ ደህና ነሽ፣ በቃ» ትላለህ፤ እኔም የምለው ሁሉ ይጠፋኛል። ይህ ነገር ግን መሀል ላይ እንዲቋረጥብኝ አልፈልግም። ከአምስት ወር ጀምሮ ልቤ እንደ ልጃገረድ እየዘለለ ነው፤ የምነግርህ ብዙ ነው።

በሰኔው ዝናብ ጊዜ «ክፍሌ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ጌሞች ለኩዋባራ ስጪው፣ ይሽጣቸው» ብለኸኝ ነበር። እኔም ሰብስቤ በሳጥን ሞላኋቸው። አንዷን የጌም ካሴት ግን ያገኘኋት ያንተ ክፍል ሳይሆን የራሴ ቁምሳጥን አናት ላይ ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ለምን እዚያ እንደገባች ትዝ ስላላለኝ ከሌሎቹ ጋር ደባልቄ ወሰድኳት። ኩዋባራን አትረሳውም፤ አብሮህ የተማረው የአኩሪ አተር አይብ (ቶፉ) ሠሪው ልጅ ነው። የአባቱን ሱቅ ያገለገሉ ጌሞች መሸጫ ካደረገው ዐሥር ዓመት አለፈው፤ ሆዱም አብሮ አድጓል።

ያችን ካሴት ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «እትዬ ፉሚኤ፣ ይቺን ሳያዩ አይሽጡ» አለኝ። በዚያ ዘመን ካሴት ሆድ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ እንዳለች፣ ልጆች የደረሱበትን ቦታ የምታስታውሰው እሷ እንደሆነች፣ ሠላሳ ዓመት ከኖረች ደግሞ ነገም ልትሞት እንደምትችል አስረዳኝ። ስትሞት የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ከዚያ በሱቁ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ከፈታት። ጨዋታ የሚቀመጥባቸው ሦስት መስመሮች ወጡ፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው፤ በመጀመሪያው ላይ «ሺጌኪ፣ የጨው በር» ይላል።

ኩዋባራ ጆይስቲኩን አስቀመጠና ራሱን አከከ። «ይህ እኮ የመጨረሻው በር ነው። የቀረው መግባት ብቻ ነው። እዚህ ድረስ ደርሶ ምን ነክቶት ተወው?» አለ። የነካህ ነገር እኔ ነበርኩ፤ ያኔ ነው ሁሉም የታወሰኝ።

የሁለተኛ ደረጃ መግቢያ ፈተና የምትፈተንበት ዓመት ነበር። በዚህ ከተማ የዚያን ዓመት የልጁን ጌም ያልቀማ እናት አልነበረም፤ እኔም ቀማሁህ። ፈተናው ሲያልቅ እንደምመልስልህ ቃል ገባሁ። አንተ አልፈህ መጣህና «እማ፣ ካሴቴስ?» አልከኝ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ በሁለት እጄ የሸርጣን ትሪ ይዣለሁ፤ «ዩኒቨርሲቲ ስትገባ» ብዬህ አለፍኩ። ሁለተኛ አልጠየቅከኝም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ካሴት ቀርቶ ምንም ነገር ጠይቀኸኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ጨዋ ልጅ አሳደግኩ እያልኩ ለጎረቤት ስኩራራ ኖርኩ።

ሳጥኑን ይዤ ተመለስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስጠበቅኩህ ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ ይቅርታ ልጠይቅህ አልፈለግኩም። ስለዚህ ተማርኩ! ኩዋባራ ማጫወቻውን በአበባው ክፍል ቴሌቪዥን ላይ ሰካልኝ። እንግዶች ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከሄዱ በኋላ፣ አዲሶቹ እስኪመጡ ድረስ ተቀምጬ እጫወታለሁ። ያንተን ካሴት በማያውቅ እጄ ላለማበላሸት ከሌሎቹ ጀመርኩ። ታዙኮ የመጀመሪያው ቀን በበሩ ብቅ ብላ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰባ ሦስት ዓመት ሞልቶሽ አሻንጉሊት ታቅፈሽ ልትውዪ ነው?» አለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ሻይ ይዛ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህ ማን ያስነሣታል!

አሁን ፍርዴን ስማኝ። ኩዋባራ «ሰው እነዚህን አሮጌ ጌሞች የሚወደው ልጅነቱ ስለሚናፍቀው ነው» ይላል። እኔ በእነሱ ውስጥ የምናፍቀው ልጅነት የለኝምና ምስክርነቴ ንጹሕ ነው።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ላውጣ። እነዚያ ጀግኖች ተብዬዎች ስድ ናቸው! ጫማቸውን ሳያወልቁ የሰው ቤት ይገባሉ፣ መሳቢያ ይከፍታሉ፣ እንስራ ይሰብራሉ፤ ባለቤቲቱ ደግሞ እዚያው ቆማ «ዛሬ ደስ የሚል ቀን ነው» ትላለች። እኔ ብሆን በመጥረጊያ ነበር የማባርራቸው። ሌባ መስዬ መዞሩ አሳፍሮኝ የመጀመሪያውን ጌም አንድም መሳቢያ ሳልከፍት ልጨርስ ሞከርኩ፤ ኩዋባራ ግን መድኃኒቱ ሁሉ ያለው መሳቢያ ውስጥ ነው ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ገባሁበት። የእንግዳ ማረፊያቸውንማ አታንሣብኝ። ሰው ከጭራቅ ጋር ሲታገል ውሎ ይመጣል፤ ገላ መታጠቢያ የለ፣ እራት የለ፣ አንድ አጭር ዜማ ይሰማና ነጋ! ጌም ሠሪዎቹ ለእኔ እንግዳ መቀበል ሊያሳዩኝ ሲሞክሩ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብዬ ሳቅኩ። ደግሞ በየሦስት እርምጃው ከመሬት የሚፈልቀው ጠላት! ዋሻ ውስጥ አንድ በር ፍለጋ ስዞር አንድ ጠዋት ሙሉ አለቀብኝ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

«ግድያ በወደቡ ሆቴል» የምትለዋ ግን እኔና ታዙኮን አሳበደችን። አንድ ነጋዴ አሮጌ ሆቴል ውስጥ ይሞታል፤ ሁሉም ሰው ይጠረጠራል። ገና በመጀመሪያው ሰዓት፣ ነጋዴው ሳይሞት፣ አንዲት ገረድ ፍራሹን ራስጌውን ወደ ሰሜን አድርጋ ስታነጥፍ ታየች። ታዙኮ ጽዋዋን ወርውራ ተነሣች፦ «እሷ ናት! ለሬሳ ካልሆነ ወደ ሰሜን የሚያነጥፍ ገረድ የታለ? አስቀድማ አውቃለች!» ልክ ነበረች። ነገር ግን ጌሙ ወንጀለኛዋን እንድንከስ የፈቀደልን እያንዳንዱን ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ አነጋግረን፣ ዘጠኝ ሰዓት ከፈጀን በኋላ ነው። የእነዚህ የድሮ ታሪኮች ትልቁ ጉድለት ይህ ይመስለኛል፤ ጸሐፊው ተጫዋቹ ከእሱ ሊቀድም እንደሚችል አያስብም። የሰዎቹ ንግግር ግን፣ ሺጌኪ! ምግብ አብሳዩና ሚስቱ ሲነቋቆሩ የእኔንና የአባትህን ጭቅጭቅ ተደብቆ የሰማ ሰው የጻፈው ይመስላል።

«ዘጠነኛው ወደብ» በምትባለው በከዋክብት መሀል በሚዞሩት መርከበኞች ታሪክ ደግሞ እያለቀስኩ ተናደድኩ። ያ ዝምተኛው ረጅሙ ልጅ እንደሚሞት ማን ነገረኝ? ሁለት ቀን ሙሉ ገንዘብ አጠራቅሜ የገዛሁለትን ጋሻ እንደያዘ ሞተ! ለእሱ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ከዚያ ጋሻው ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ለጋሻው ማዘኔ አሳፈረኝና እንደገና ለእሱ አለቀስኩ። ከመሀሉ በኋላ ግን ጸሐፊዎቹ ቸኩለዋል፤ አንድ ትልቅ ጦርነት በሦስት መስመር ተነግሮ አለፈ። እንግዳ ጠርቶ ሾርባውን ብቻ አቅርቦ እንደ መሸኘት ነው።

እጄ ከለመደ በኋላ፣ በሴፕቴምበር፣ ያንተን «የጨው ንጉሥ» ከፈትኩ። በሁለተኛው መስመር ላይ በራሴ ስም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን ጨዋታዬን ላስቀምጥ ስል ምልክቱ ያንተ ስም ላይ ቆሞ ኖሯል። «በላዩ ይጻፍ?» ይላል። እኔ መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነው፤ ጣቴን ወደ አዎ ሳወርድ ታዙኮ እጄን ቀብ አድርጋ «አንቺ! የልጁን ነገር ሁለቴ ልትቀሚው ነው?» ብላ ጮኸች። ጉዳዩን ያጫወትኳት እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ቃሏ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ባስቀመጥኩ ቁጥር ሁለታችን ስሙን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ሳናነብ አንጫንም ነበር።

ስለዚህች ጌም ያለኝን ሐሳብ ሳልደብቅ ልንገርህ። ሥዕሏ የአውራ ጣት ያህል ነው፤ የሰው ፊት ሁለት ነጥብ ብቻ። ቁልፍ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ የሚያመላልሰው መሀለኛው ክፍል ረዝሟል፤ ግማሹ ቢቆረጥ ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ባሕሩ ከመንደሮቹ እየሸሸ፣ ጨው እየቀረ፣ ሰው «ነገ ይመለሳል» እያለ ጀልባውን ቀለም ሲቀባ ሳይ፣ ይህን የጻፈው ሰው በባሕር ጠረፍ ያደገ ነው አልኩ። በሦስተኛው መንደር ጉድጓድ አጠገብ የቆመችውን ሴት ታስታውሳለህ? «ልጄን አይታችሁታል?» የምትለዋን? ኩዋባራ «እሷ እኮ ምንም ሥራ የላትም እትዬ፣ ቢያነጋግሯትም ባያነጋግሯትም ለውጥ የለውም» አለኝ። የዛሬዎቹ ጌሞች ልጇን ፈልገህ እንድታመጣና እንድትሸለም ያደርጉህ ነበር ይላል። የእነዚያ የድሮዎቹ ትልቅነት ግን እዚህ ላይ ነው፤ ሳይሸልሙህ ያሳዝኑሃል። እኔ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር መንገዴን ጠምዝዤ አነጋግሬያታለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጨረስኩት። ሲያልቅ አያምር ይባላል፤ ይህ ግን ሲያልቅ ያምራል። በሩ ውስጥ ያለውን አልነግርህም፤ ታዙኮንም አስምያታለሁ። ጌሙ ካለቀ በኋላ ሁለታችንም ተነሥተን ፍራሽ ማንጠፍ አቃተን፤ የዘጠኝ ሰዓቱ እንግዳ ደወል ሲደውል ፊታችንን በፎጣ ጠርገን ወረድን። እንግዳው ሐዘን የደረሰብን መስሎት አጎንብሶ ገባ። እኔ ግን ሐዘን አልነበረብኝም፤ በዕድሜዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወዲያው ደግሞ ይህን ደስታ ከአንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ነጥቄ ቁምሳጥን አናት ላይ እንደወረወርኩት ገባኝ። ልጄ ሆይ፣ በድዬሃለሁ። ቃሌን በላሁ። ይቅር በለኝ።

ኩዋባራ ባትሪዋን በአዲስ ሊቀይራት ይችላል፤ ያኔ ግን ያንተ መስመር ይጠፋል። ሳይጠፋ የሚቀየርበት ዘዴ እንዳለ ሰምቷል፣ «ግን እጄ ቢንቀጠቀጥስ እትዬ? የሺጌኪን ነገር በእኔ እጅ አያድርጉት» ብሎ እምቢ አለ። በፖስታ ለመላክ አሰብኩ። ከዚያ ይህንንም ለሌላ ሰው እጅ ልሰጠው ነው እንዴ አልኩና ተውኩት።

ስለዚህ እኔው ይዣት እመጣለሁ። አዎ፣ በሸርጣን ወቅት! ለሠርግህ ጊዜ ሸርጣን ነው ብዬ እንደቀረሁ አልረሳሁም፤ አንተም አልረሳህም። ቤቱን ታዙኮ ትይዘዋለች፤ «ሂጂ፣ ሸርጣኑ አያለቅስም» ብላኛለች። ኖቬምበር ሃያ ቀን እናንተ ጋ ዱሰልዶርፍ እገባለሁ። ማጫወቻውንና ለእናንተ ቴሌቪዥን የሚሆነውን ማገናኛ ሁሉ ኩዋባራ በከረጢት አስሮ ሰጥቶኛል። ባትሪዋ መንገድ ላይ ብትሞትስ ብዬ ብጠይቀው «ታዲያ እርስዎ መንገዱን ያውቁት የለ? ከጎኑ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ይምሩት» አለኝ። ዛሬ ጠዋት ስከፍታት ስምህ አለ።

ለሜጉሚ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ስመጣ ቁጭ ብላ ምሳ ካልበላች እንደምቆጣት ንገራት። ሂናኮዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው፣ የእሷ ነው በላት። ያንን ሰነፍ ድመታችሁንም ከሶፋው ላይ እንዲነሣልኝ ለምኑልኝ። ታዙኮና ኩዋባራ ሰላም ብለውሃል።

አንተ በሩን ስትከፍት እኔ ከኋላህ እቀመጣለሁ፤ አልናገርም፣ ሰዓትም አልቆጥርም፣ በቃም አልልህም።

እናትህ ፉሚኤ
ኪኖሳኪ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2024