አባየ ለቤተ ሙከራ የላኩት ውሃ

ለውድ እህቴ ለየብርጓል፣

እንደምን ከርመሻል? የሰመራ ሙቀት እንዴት አደረገሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ባለቤትሽ ሣህሉስ ደኅና ነው? እኛ ደኅና ነን። ልጅሽ ሰብለ ወንጌል አንድ ጥርስ አብቅላለች፤ እማየም አባየም ደኅና ናቸው። ደኅና ያልሆነው የኔ ትዕግሥት ነው።

የወሊድ ፈቃድሽ አልቆ ልጅቱን ዘንዘልማ ትተሽ ስትሄጂ፣ የጉድጓዱን ውሃ አስመርምርልኝ ብለሽኝ ነበር። አጥር ማዶ አዲስ ቤት የሠሩት ሰዎች መጸዳጃቸውን ከጉድጓዳችን አሥር እርምጃ ላይ እንደቆፈሩት አይተሻል። የሕፃኗ የዱቄት ወተት የሚበጠበጠው ደግሞ በዚያው ውሃ ነው። እኛ ቤተ ሙከራ ዓመቱን ሙሉ የምንለፋባቸው በዓይን የማይታዩ የፕላስቲክ እንክብሎች አሉ። ውሃው ከመጸዳጃ የሚሰርገውን ናይትሬት የሚባል አዮን ከያዘ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው ቀለማቸው ይለወጣል። ናይትሬት እኛን እምብዛም አይጎዳንም፤ የሕፃን ደም ግን አየር እንዳይሸከም ያደርጋል።

አባየን አንድ ጠርሙስ ውሃ ላኩልኝ ብየ ለመንሁ። ላኩ፤ እንክብሎቹ ቀለማቸውን አልቀየሩም። አላመንሁም። ደግመው ላኩ፤ ያው ነው። በሦስተኛው ራሳቸው በባጃጅ ይዘው መጡ፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ከየት ቀዱት ብላቸው ከኮረብታው ሥር ካለው ምንጭ ነው አሉኝ፤ አንድ ሰዓት በእግራቸው ሄደው። ለተማረ ሰው የጉድጓድ ውሃ ይላካል ወይ፣ ምን ይሉናል ብለው ጭራሽ እኔን ተቆጡ። ሦስት ጊዜ፣ የብርጓል። ሦስተኛውም ሲመረመር እንክብሎቹን አልቀየረም፤ ሦስቱንም ማጠቢያ ላይ ደፋሁት።

እሑድ አባየ ቅዳሴ ላይ ሳሉ ሄጄ ራሴ ከጉድጓዱ ቀዳሁ። ሰኞ እንክብሎቹ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተለወጡ። አትደንግጪ፤ ልጅቱን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ደሟ ደኅና ነው ተብሏል። እማየ አፈላዋለሁ ብላ ሞገተችኝ፤ ማፍላት ናይትሬትን እንደማያጠፋው፣ ጭራሽ እንደሚያበረታው ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

አባየ እስከ ዛሬ ጉድጓዱ ተበላሸ አላሉም። የቆፈሩት አባታቸው ናቸውና ይላሉ ብየም አልጠብቅም። ብቻ በነጋታው ማንም ሳይነግራቸው ጀሪካን ይዘው ወጡ። ይኸው በየማለዳው ያንኑ የምንጭ ውሃ ለልጅሽ ይቀዳሉ። እሱን እማየ ታፍላው፣ አልከለክልም።

ሣህሉን ሰላም በይልኝ። እማየ ሰላም ብላሻለች፤ ሰብለ ወንጌልን ስሜልሻለሁ። አባየም ሰላም ብለዋል፤ የልጅሽን ውሃ ቤተ ሙከራው ሦስት ጊዜ መርምሮ ንጹሕ ነው ማለቱን ጻፍላት ብለውኛል።

ወንድምሽ ጥዑመ ልሳን
ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ሐምሌ ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.