አባቴ በገዛ እጁ ስላፈረሰው የጅሬን ቤት

ለተከበሩ የዲዛይን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፣

አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ ኅሊናዎ ያልተረበሸ ይሆን ዘንድ እመኛለሁ። እኛ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከቤታችን በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ፋሪዳ አባቦራ እባላለሁ፤ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ጨርቅ እሸጣለሁ። አባቴ አቶ አባቦራ፣ እናቴን ሲያገባ በሠራው የጅሬን ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የእርስዎ ሠራተኞች መጥተው ግቢውን በችካል ሞሉት፤ አንዱን የመኝታ ክፍሉ መስኮት ሥር ተከሉ። የወጣቶች ማዕከል ስለሚሠራ ቤቱ እንደሚነሳ ነገሩት። ያደረጉልንን ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ፣ እነሆ በተራ፦

1. አባቴን ቢሮዎ ተቀብለው ስላነጋገሩት አመሰግናለሁ። ቀያሾቹ ቀደም ብለው የለኩት ከጉብታው ማዶ ያለውን ባዶ ሜዳ እንደነበረ፣ እሱም ጥላ ሥር አስቀምጦ ውሃ እንዳጠጣቸው ሊያስረዳዎ ሞክሮ ነበር። እርስዎ ግን ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑ ስክሪኑን ወደሱ አዙረው «ኮምፒውተር አይሳሳትም፣ አባባ» አሉት። ሕንጻው ቀለም ተቀብቶ፣ ዛፍ ተተክሎለት፣ ሰዎች እየተንሸራሸሩበት አየው። ማታ ሲነግረኝ እንኳ አላማረረም፤ ግቢው ላይ የሚያርፈው ሕንጻ ያማረ ነው አለኝ።

2. የማፍረሻ ማሽን ወጪ እንዳይወጣብዎ አባቴ ሥራውን ራሱ ስለጨረሰልዎ ደስ ይበልዎ። እንዲጠብቅ ለመንኩት። «ያቆምኩትን እኔው ላውርደው፤ ማሽን ሲጎትተው አልይ» አለኝ። ጎረቤታችን ፋሂም ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እየተቀበለው ከጣሪያ አወረዱት፤ ከዚያም ማገሩን፣ ምሰሶውን። የበሩን መቃን የነቀለው ግን ፋሂምን ወደ ገበያ ከላከው በኋላ፣ ብቻውን ነው። ከዚያ እኔ ዘንድ፣ ከሱቄ ጀርባ ካለችው ክፍል ገባ።

3. ቆፋሪው ማሽን ሲመጣ የኮንትራክተሩ ቀያሽ መሣሪያውን ተክሎ አጣራ። ሕንጻው መቆም ያለበት፣ አባቴ ያለ መሣሪያ እንደነገርዎ፣ ማዶ ሜዳው ላይ ነበር። ምክንያቱን የነገረችን ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ ሊያ የምትባለው ወጣት አርክቴክት። ላፕቶፗን ይዛ ሱቄ ድረስ መጣች። የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች መሬቱን የለኩበት መነሻ ነጥብና የሕንጻው ሞዴል ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠበት መነሻ ነጥብ አንድ እንዳልነበሩ፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ሞዴሉ ሲቀመጥም ሕንጻው እንዳለ ጉብታውን ተሻግሮ እኛ ላይ እንደወደቀ አስረዳችን። ችካሉ ከመተከሉ በፊት ይህን ነግራዎት «ስክሪኑ ላይ አምሯል፣ ላኪው» እንዳሏትም አልደበቀችንም።

ከዚያ ነጥቦቹን አገናኘቻቸው። አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ሕንጻው ከአባቴ ግቢ ተነስቶ ሜዳው ላይ አረፈ። ከሥሩ ካለው፣ ከሰማይ ከተነሳው የቆየ ፎቶ ላይ ጣሪያችን ብቅ አለ፤ ከጎኑ የአቮካዶው ዛፍ ጥላ። አባቴ መነጽሩን ጠርጎ ብዙ አየው። ከዚያ በኦሮምኛ «ኢንታላ ኮ» አላት፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «እኔንስ እንዲህ አንስተሽ ወደ ውስጥ ልትመልሺኝ ትችያለሽ?»

እየቀለደ አልነበረም። ሊያ ላፕቶፑን ዘጋች፤ እኔም ጨርቅ የማጣጥፍ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ይህችን ልጅ እውነት በመናገሯ ወደ መዝገብ ቤት እንዳዛወሯት ሰምተናል። ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ጠባይ ከተዛመተ የእርስዎን ቢሮ የሚያጸና ምን ይቀራል?

4. በመጨረሻ ስለጻፉልን ደብዳቤ። «ይዞታዎ ከፕሮጀክቱ ክልል ውጭ በመሆኑ ያለ ስጋት መኖር የሚችሉ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን» ይላል። አባቴ ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝና «የት ሆኜ?» አለ። ከይቅርታ የሚመስል ቃል ካለ ብዬ ገጹን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ። ማኅተሙ ብቻ አልፎ ታየኝ፤ እሱም በትክክል ቦታው ላይ አርፏል።

ክቡር ሆይ፣ ሰው ይሳሳታል፤ መሳሳትዎን አልቀየምኩም። የቀየምኩት፣ አንድ ሽማግሌ በእግሩ መጥቶ እውነቱን ሲነግርዎ ከወንበርዎ ተነስተው ያንን ጉብታ መውጣት ስለከበደዎ ነው። ደርሰው ቢያዩ ኖሮ ቤቱ ዛሬም በቆመ ነበር።

አባቴ አሁን ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ምሰሶ እያቆመ ነው። እጁ እንደ ድሮው ስላልሆነ ቶሎ ይደክመዋል፤ ያርፍና ይቀጥላል። ማታ ተመልሶ እኔ ዘንድ ያድራል። ስለ እርስዎ ክፉ ሲናገር አልሰማሁትም። እሱ የተወውን እኔ ጽፌዋለሁ።

በመሬት ላይ ከሚኖሩት ወገን የሆነችው፣ የማያልቅ ምስጋናዋን ከደጅዎ የምታኖረው፣

ፋሪዳ አባቦራ
ከአወቱ መንደራ፣ ጅማ

ማስታወሻ፦ ትናንት አንድ ሠራተኛዎ ግቢያችን መጥቶ፣ አባቴ ቤቱን መልሶ ለመሥራት ፈቃድ ከፈለገ የቦታውን ትክክለኛ መገኛ በቁጥር አስደግፎ ለጽሕፈት ቤትዎ እንዲያቀርብ አዘዘው። አባቴም ሰውየውን ውሃ አጠጥቶ ሸኘው።